ገፀ ባሕሪዬን ምን ይዟት ትታመም? (1911 ዓ.ም.፣ የካ ተራራ ሥር)

የካራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑ ከ1909 እስከ 1911 ዓ.ም. ነው። ቦታው አሁን እኔ የምኖርበት ካራ አካባቢ፣ ያኔ ከተማው ገና ያልደረሰበት ገጠር። ዋናዋ ሴትዮ እንጨት ተሸክማ ገበያ የምትወርድ ናት። ባሏ በቅሎ ጭኖ አዋሽ ድረስ የሚነግድ። አንድ ትንሽ ልጅ አላቸው።

ታሪኩ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ሰው መታመም አለበት። ባልየው ከመንገድ ሲመለስ፣ ልጁ ክረምት ላይ (እሱ እንዲድን ነው የምፈልገው)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የኅዳር በሽታ (የ1911ዱ የጉንፋን ወረርሽኝ)። የመጨረሻው የግድ ነው፣ መጽሐፉ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ በየታሪክ ልብ ወለዱ ሰው የሚታመመው አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ያስላል፣ መሐረቡ ላይ ደም ያያል፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ይናዘዛል፣ ይሞታል። በቃ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣልኝ ሁሉ የአውሮፓ ወረርሽኝ ነው፣ ጭምብል ያጠለቀ ሐኪም ምናምን። እዚህ ተራራ ሥር ማንን ምን ይይዘው ነበር? ስንት ቀን ያስተኛዋል? ጎረቤቱስ ምን ያደርጋል? የጤና ሰዎችም ታሪክ የምትወዱም በናታችሁ።

ተረኛዋ ነርስ

የካራዋ፣ ባልየውን ለኔ ተዪው። ወባ ነው። ግን ቤቱ ተቀምጦ እንዳይዘው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የካ ተራራ ሥር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፣ የወባ ትንኝ ያንን ብርድ አትችለውም። ሰውየው የሚነከሰው ቆላ ወርዶ ነው።

የሚታመመው ግን እዚያ አይደለም። ከተነከሰ በኋላ ከ10 እስከ 15 ቀን ገደማ ይቆያል። ይሄ ላንቺ ሲሳይ ነው። ሰውየው ደህና ሆኖ ቤቱ ይገባል፣ ጭነቱን ያራግፋል፣ ጎረቤት እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጠላ ሲጠጣ ያመሻል፣ ከዚያ በሳምንቱ ማታ እሳት ዳር እንደተቀመጠ ጥርሱ መንገጫገጭ ይጀምራል። ያለውን ጋቢ ሁሉ ቢደርቡበት አይሞቀውም። ቆይቶ ጋቢውን ወርውሮ ውሃ ውሃ ይላል። ከዚያ በላብ ይጠመቃል። በማግስቱ ተነስቶ በቅሎውን ሲያበላ ታገኘዋለች። ዳነልኝ ትላለች። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ገደማ፣ እንደገና።

አደራ፣ ትንኟ በሌለችበት ቤተሰቡን በሙሉ በወባ እንዳትጨርሺው። ከሱ ወደ ሚስቱ አይሻገርም።

ቡራዬው

ኧረ ሁሉም ለምን ይሙት? ኮሶ አጠጪያቸው!

የምሬን ነው። ያኔ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣል። የዛፉን አበባ ወቅጠው፣ በጠላ ወይም በውሃ በጥብጠው፣ በባዶ ሆድ ግጥም። ያን ቀን ሰውየው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ስለዚህ ማንንም ማየት ያልፈለገ ሰው "ኮሶ ጠጥተዋል" አስብሎ በር ላይ ይመልስ ነበር። አበዳሪው ሲመጣ ባልየው ኮሶ ይጠጣ። በወር ሦስቴ የሚጠጣ ሰው ቢኖር ሰፈሩ ምን እንደሚል አስቡት።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። ታሪክ አስተምር ነበር፣ ሱሉልታ ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ባልየውን ላስተካክልልሽ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ አዋሽ ድረስ በበቅሎ የሚመላለስ ነጋዴ እንጀራው ተነክቷል። ወይ ባቡሩ ሥራውን የቀማው ሰው አድርጊው፣ ወይ ከሐዲዱ ርቆ ወዳለው ቆላ ላኪው። የቀማው ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ኪሳራ ያለበት ሰው ነው ከለመደው መንገድ ወጥቶ፣ ሌሎች በማይወርዱበት ወራት ወርዶ የሚታመመው።

ሁለተኛ፣ 1909 ላይ ከጀመርሽ ሰገሌን እንዴት ዘለልሽው? ጦርነቱ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፣ ከናንተ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሰንዳፋን አልፎ። ከዘመቻ የተመለሰ ወንድም ወይም ጎረቤት ይኑራት። በጥይት የሞተ አይሁን። እግሩ ላይ ጭረት ቢጤ ያለችበት፣ ሁሉም ለጉድ ተረፈ ያለው ሰው። ቁስሉ ሊሽር ሲል፣ በሳምንቱ ወይም በአሥር ቀኑ፣ እንጀራ መጉረስ ያቅተዋል። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነው። አእምሮው አይነካም፣ እስከ መጨረሻው ሁሉን ይሰማል። ከዚህ የከፋ አሟሟት አላውቅም፣ መሐረብም ደምም አያስፈልገውም።

ለልጁ ፈንጣጣ ይሁን። ከያዘው እስኪያተኩሰው 12 ቀን አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት ቀን በትኩሳት ይተኛል፣ ከዚያ ፊቱና እጁ ላይ በርከት ብሎ ይወጣበታል፣ ቅርፊቱ ረግፎ እስኪያልቅ ወር ሊሞላ ነው። ከዳነ ዳግመኛ አይይዘውም፣ ፊቱ ላይ ግን ምልክቱን ይዞ ይኖራል። እኔ ልጅ ሳለሁ ፈንጣጣ የበላው ፊት ያለው ሽማግሌ በየሰፈሩ ነበር። አባቶቻችንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፣ ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው መግል ወስደው ክንድ በጭረት ይከትቡ ነበር። ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎ ይወጣል፣ አንዳንዱን ግን ይገድላል፣ ወደ ሌላም ይተላለፋል። እናት "ልጄን አላስነካም" ስትል አያት "አስከትቢው" ቢሉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጭቅጭቅ ነው።

ተረኛዋ ነርስ

ጋሼ፣ የፈንጣጣው ጥሩ ነው። ግን ክረምት ላይ ነው ያለችው። ክረምትና ድህነት ከተገናኙ እኔ የሚታየኝ ቅማል ነው።

ዝናብ ነው፣ ልብስ አይታጠብም፣ ቢታጠብም አይደርቅም፣ ሁሉም አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። በቅማል የሚመጣ ሁለት ትኩሳት አለ። አንዱ ተስቦ ነው፣ ሰውየውን ያስቃዠዋል። ሌላው እየተመለሰ የሚያገረሸው ነው፣ እሱን አሁንም ሰው በታጨቀበት ቦታ እናገኘዋለን። አምስት ስድስት ቀን ያነደዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ነስር አለ። ከዚያ ድንገት ይንቀጠቀጥና በላብ ርሶ ይለቀዋል። ቤተሰቡ ስለት ያስገባል፣ ጠበሉ ሠራ ይላል። ሳምንት ያህል ደህና ይሆንና ይመለስበታል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው አጠር ይላል።

አሁን ይሄን ልብ በዪ። የሚያገረሸው ትኩሳት በንክሻው አይደለም የሚተላለፈው። እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ የጋቢውን ጠርዝ ትገለብጣለች፣ ስፌቱ ውስጥ የተደበቀውን ታወጣለች፣ በሁለት አውራ ጣት ጥፍሯ መሀል ቀጭ ታደርገዋለች። ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ ነው በሽታው። በተቧጨረ ቆዳ ይገባል፣ በዚያው እጇ ዓይኗን ካሸችም ይገባል። ቅማል ደግሞ ትኩሳት አይወድም። ገላው ሲግል ጥሎ ወደ ቀዝቃዛው ሰው ይሄዳል፣ ማለትም አጠገቡ ወደተኛው።

ቀይ እስክሪብቶ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን የካራዋን የሕክምና መማሪያ ልታስጽፏት ነው። አርታኢ ነኝ፣ በየጊዜው የሚመጣልኝ ጽሑፍ ይሄ ነው። ገፀ ባሕሪው ይታመማል፣ ከዚያ ደራሲው ገብቶ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ያስረዳል። በ1911 የካ ሥር ያለች እንጨት ተሸካሚ ቅማል በሽታ እንደሚያመጣ ከየት ታውቃለች? ተስቦን ቅማል እንደሚያስተላልፍ ቱኒስ ላይ የታወቀው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ለሷ ነፋስ ነው፣ ምች ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው። የጋቢውን ነገር ጻፊው፣ ቀጭ የሚለውን ጻፊው፣ ከዚያ ዝም በዪ። አንባቢ ራሱ ይደርስበታል፣ ባይደርስበትም ምንም አይጎዳም።

ዕቃውንም ልብ በዪ። አንድ የእጅ ጽሑፍ ላይ በቴዎድሮስ ዘመን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠኑ አንብቤ ሳቄ ነው የመጣው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ የገባ ነው። ያንቺ ሴትዮ ብትታጠንበት ግን ማንም አይከስሽም፣ የምትሸከመውም እሱኑ ይሆናል።

ተረኛዋ ነርስ

ቀይ እስክሪብቶ፣ አልተግባባንም። አስረጂ አላልኳትም። ደራሲው ሰዓቱን ካላወቀ ግን ታሪኩ ይበላሻል። ሰኞ ተነክሶ ማክሰኞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጠዋለሁ። ገፀ ባሕሪዋ አትወቅ፣ እሷ ትወቅ።

ጡረተኛው

ወደ ኅዳሩ ልመለስ፣ እሱን ማንም አልነካውም።

ኅዳር 1911 ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት፣ በኋላም በሕይወት ታሪካቸው ላይ አዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። ለያኔዋ አዲስ አበባ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነውም ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። በየዓመቱ ጢሱ ሲያፍነን እንማረራለን እንጂ ስንቱ ምክንያቱን ያውቃል?

ደራሲዎች የሚስቱት የሚሞተውን ሰው ነው። ሽማግሌና ሕፃን ይገድላሉ። የ1911ዱ ጉንፋን ግን በዓለም ዙሪያ ከሌላው ጊዜ በተለየ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎረምሳና ወላድ ነው ያጨደው። ጠዋት እንጨት የተሸከመ ማታ ይወድቃል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይነስረዋል፣ አንዳንዱ በሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዱ ሳንባው ተመትቶ በሳምንት በአሥር ቀን ይሄዳል። ስለዚህ አያት ቆመው ልጆቻቸውን ይቀብራሉ።

ወሩንም አትርሺ። ኅዳር እኮ ጤፍ የሚታጨድበት ነው! ከተማ ውስጥ ያለው ደራሲ ሬሳና ቀባሪ ማጣትን ይጽፋል። አንቺ ዳር ላይ ነሽ፣ ያንቺ ጉዳይ አጫጅ የሌለው ማሳ ነው። እህሉ ደርሷል፣ ወፍ ይበላዋል፣ ይረግፋል። በጥር ምን ይበላሉ? መጽሐፍሽ ኅዳር ላይ ከሚያልቅ ጥር ድረስ ይሂድ እላለሁ።

በሽታውን ባቡሩ አመጣው የሚል ሰው መንደሩ ውስጥ ብታስቀምጪ ደግሞ ያምርበታል፣ በተለይ ባልየው ራሱ ቢሆን።

የካራዋ

ኧረ ተባረኩ። ጋሼ፣ የጤፉ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቀይ እስክሪብቶ፣ ገብቶኛል፣ ግን ነርሷ ያለችውን ሳነብ ልጁን ትቼ ወደ እናትየው ሄድኩ። ቅማሉን በጥፍሯ የምትገድለው እሷ ናት። ስለዚህ ልጁ ታሞ ሲድን ቀጥላ የምትወድቀው እሷ ናት ማለት ነው? ነሐሴ ላይ ብትታመም፣ ጳጉሜ ላይ ቢያገረሽባት፣ ኅዳር ላይ እንጨት መሸከም ትችላለች? ባልየውስ? መስከረም ማለቂያ ላይ ቆላ ቢወርድ ወባው ኅዳር ላይ ሊነሳበት ይችላል?

ተረኛዋ ነርስ

እሷ ትችላለች፣ ከስታ ጠቁራ ግን። ሸክሙን ቀንሺላት፣ መንገድ ላይ አሳርፊያት።

የባልየው ይሆናል፣ እንዲያውም ከዝናቡ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ጊዜ ናቸው። ከዚህ በፊት ይዞት ከነበረ ደግሞ ሳይወርድም ከወራት በኋላ የሚነሳ ዓይነት ወባ አለ። አሁን ነገሩን ተመልከቺው። ኅዳር መሀል ነው፣ በየቤቱ ሰው ይሞታል፣ ባልየው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እሷ ቆላ ያመጣበት ንዳድ እንደሆነ ታውቃለች፣ ከዚህ በፊት አይታዋለች። ጎረቤቱ ግን ያው የኅዳሩ ነው ብሎ ይሸሻል። ውሃ የሚያቀብላት የለም፣ እሳት የሚያጭራት የለም፣ ጤፉም ማሳ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን እሱ ተነስቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ያዩት ሰዎች ምን ብለው እንደሚያስቡ አንቺ ጻፊው።

ቡራዬው

"ኮሶ ጠጥቶ ነው" ትበላቸዋ።