ጥቆማ፦ ፔስሜከር ለደሴና ለአካባቢው ሕመምተኛ፣ የት? የትኛው?

ጥያቄ፦ ያለነው ደሴ ነው። ለአባታችን ፔስሜከር (ከቆዳ ሥር ተቀብሮ በሽቦ ልብን የሚያስመታ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ያስፈልጋል ተብሏል። የልብ ምታቸው በደቂቃ 36 ነው፣ አልፎ አልፎም ራሳቸውን ይስታሉ። በመድኃኒት አይሆንም? ካልሆነስ የት፣ የትኛውን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ከተቋረጠ ቤት ተወስዶ የሚያስተካክለው ኪኒን የለም። ግን ራሳቸው ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፦ አቴኖሎል፣ ዲጎክሲን፣ ቬራፓሚል። የደም ፖታሲየም መብዛትም ያዘገያል። የሚወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ደዌ ክፍል አሳዩ፤ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ፖታሲየምና ኩላሊት ይታይ። ሰበቡ መድኃኒት ከሆነ ሲቆም ምቱ ሊመለስ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ራሳቸውን እየሳቱ ከሆነ ዛሬውኑ ተኝተው ይታከሙ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ሳይሆን ሪፈር ተጽፎ በአምቡላንስ ይሂዱ። የኢሲጂው ወረቀት ስለሚደበዝዝ ፎቶ አንሱት።

ሌላ መልስ፦ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ፔስሜከር ይገጥማል፤ ተራውን አስቀድማችሁ በሐኪማችሁ በኩል አስጠይቁ። ባለ አንድ ሽቦው ታችኛውን ክፍል ብቻ ያስመታል፤ ባለ ሁለቱ ላይኛውንና ታችኛውን ያቀናጃል። አቅም ካለ ባለ ሁለቱ ይሻላል፣ ላይኛው ክፍል በቋሚነት የሚርገበገብ ከሆነ ግን ትርፉ የለም። ባለ አንዱም ሕይወት ያተርፋልና ገንዘብ እስኪሞላ ብላችሁ አትዘግዩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፦ የሜድትሮኒክ ኩባንያን መሣሪያ የሚያነበው የሜድትሮኒክ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ የአቦት ኩባንያን ደግሞ የአቦት ብቻ። ማዕከሉ የየትኛው ኩባንያ ማንበቢያ እንዳለው ሳታረጋግጡ ዘመድ ከውጭ አገር እንዲገዛ አታድርጉ፤ ኋላ ባትሪውን የሚያይ፣ ምቱን የሚያስተካክል ታጣላችሁ። ባትሪው ከ7 እስከ 12 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ሲያልቅ ባትሪውን የያዘው ቆርቆሮ ሙሉ ይቀየራል፣ ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ይቀራል።

ሌላ መልስ፦ ከገጠማ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በዚያ ጎን ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አያንሱ፣ ከባድ ነገርም አይሸከሙ፤ ሽቦው ከቦታው ይንሸራተታል። ትከሻው እንዳይደርቅ ግን ከዚያ በታች ያንቀሳቅሱት። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ካወጣ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትጠብቁ፤ ኢንፌክሽኑ ሽቦው ጋ ከደረሰ ዕቃው በሙሉ መውጣት አለበት። ሞባይል ከመሣሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ የደረት ኪስ ውስጥ አይቀመጥ። የመሣሪያው ካርድ ከኪሳቸው አይለይ።

ፔስሜከር ፈጣን ምትን አያስቆምም፤ ያ ካለባቸው መድኃኒቱ ይቀጥላል። በሩማቲክ በሽታ ቫልቩ የጠበበና ምቱ የተዘበራረቀ ሰው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይወስዳል፤ አይኤንአሩ (የደም መርጋት ፍጥነት መለኪያው) ከ2 እስከ 3 ይሁን። ዋርፋሪንን የሚያደክመው ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። የልብ ምት ማስተካከያው አሚዮዳሮን ሲጨመር ዋርፋሪኑ ይበረታል፤ አይኤንአር በየሳምንቱ ይለካ።