1,000 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ በ1,000 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ይተካል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ተዘግቶ በቦታው የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ይተከላል ሲባል እሰማለሁ። ሁለቱም 1,000 ሜጋ ዋት ከተባሉ በዓመት የሚሰጡት ኃይል እኩል ነው? ካልሆነስ ጉድለቱ በምን ይሞላል?

መልስ 1፦
እኩል አይደለም። ሜጋ ዋቱ የሚነግረን ጣቢያው በአንድ ጊዜ ቢበዛ የሚሰጠውን እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚያመነጨውን አይደለም። በደንብ የሚሠራ የከሰል ማመንጫ የአቅሙን 70 በመቶ ያህል ሊያመነጭ ይችላል፤ የፀሐይ ጣቢያ ግን ሌሊቱ፣ ደመናውና የማለዳው ስስ ብርሃን ተቀንሶ፣ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ስፍራ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በዓመት የከሰሉን ያህል ለማመንጨት 3,000 ሜጋ ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል መትከል ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ሜጋ ዋት 2 ሄክታር ብንይዝ 6,000 ሄክታር መሬት መሆኑ ነው።

መልስ 2፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ አሳሳቹ ግን «በቦታው» የሚለው ቃል ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ የነበረው የናንቲኮክ የከሰል ማመንጫ ወደ 4,000 ሜጋ ዋት የሚጠጋ አቅም ነበረው። ከሰል ማቃጠል ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እዚያው ሥራ የጀመረው የፀሐይ ጣቢያ 44 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ የኦንታሪዮን ከሰል በዋናነት የተኩት የኑክሌርና የጋዝ ማመንጫዎች ናቸው። በእኔ ግምት ከአሮጌ ማመንጫ የሚወረሰው ትልቁ ሀብት መሬቱ ሳይሆን፣ ማንም ልብ የማይለው የትራንስፎርመር ግቢና ከዚያ የሚነሣው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት ከነፈቃዱ ዓመታት ይፈጃል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሌሊቱስ በባትሪ ይሸፈናል?

መልስ 1፦
ምሽቱ ይሸፈናል። አሁን በብዛት የሚተከሉት ባትሪዎች ሙሉ አቅማቸውን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ስለሚሰጡ፣ ፀሐይ ጠልቃ መብራቱና ምድጃው አንድ ላይ የሚበራበትን ሰዓት ይሻገሩታል፤ ለቀሪው ሌሊትና ደመናው ለማይገለጥባቸው ቀናት ግን ነፋስ፣ ውኃ ወይም ሌላ ምንጭ መኖር አለበት።

መልስ 3፦
አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። የከሰል ማመንጫ ተርባይንና ጄነሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚሽከረከር ከባድ ብረት ስለሆነ፣ ሌላ ጣቢያ በድንገት ሥራ ሲያቆም ሽክርክሪቱ ለጥቂት ሰከንዶች የኤሌክትሪክ መረቡን ደግፎ ይይዛል። የፀሐይ ሰሌዳ የሚሽከረከር አካል የለውም። ለዚህም ሲባል ቦይለሩ (በከሰል እሳት ውኃ የሚያፈላው ክፍል) ከጠፋ በኋላ አሮጌው ጄነሬተር ብቻውን፣ ከመረቡ ጥቂት ኃይል እየወሰደ፣ ያለ ከሰል እንዲሽከረከር የሚደረግበት ጊዜ አለ።