በጣና ዳር አንድ ቀን በዘንግ ዓሣ ስለ ማጥመድ፦ የት፣ መቼ፣ እንዴት?

የዳንግላው፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቅዳሜ ከዳንግላ ማልደን ተነሥተን ባሕር ዳር በመውረድ በጣና ዳርቻ ዓሣ ስናጠምድ ለመዋል አስበናል። ሐሳቡን ያነሣሣብን በዴንማርክ የሚኖር አብሮ አደጋችን ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ገብቶ ትራውት የተባለውን ዓሣ ሲያጠምድ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ይልክልናል፤ ለእረፍት በመጣ ጊዜም አንድ ዘንግ ከነክር መጠቅለያው፣ ትንንሽ ዓሣ ከሚመስሉ ብልጭልጭ የብረት ማጥመጃዎች ጋር ትቶልን ሄዷል። በጣና ትራውት እንደሌለ እናውቃለን። ሆኖም በዚህ ዓይነት ማጥመጃ የሚያዝ ዓሣ አለን? በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል? እንደ ጓደኛችን ውኃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድስ ያስኬዳል? አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ቦታ ብንሄድ ባዶ እጃችንን እንደማንመለስ ነግረውናል። የምታውቁ ብትመክሩን ደስ ይለናል።

ጣና ዳር፦

ወንድሜ፣ መልሱ የሚወሰነው ልትይዙት በምትፈልጉት ዓሣ ነው። ከሐይቁ ወጥተው ገበያ ላይ የምናያቸው በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚገኙ ደቃቅ ዕፀዋትን የሚመገብ ስለሆነ ብረቱን ዞር ብሎም አያየውም፤ የከተማው ልጆች በትንሽ መንጠቆ ላይ ትል ሰክተው በእጅ ክር የሚያወጡት እርሱን ነው። አምባዛም የሐይቁን ወለል በጢሙ እየዳሰሰ ምግቡን የሚፈልግ በመሆኑ፣ ሽታ ያለው ቁራጭ ሥጋ ወይም ዓሣ ካልቀረበለት በቀር መምጣቱ ያጠራጥራል።

ለእናንተ ዘንግ የሚስማማው ከነጭ ዓሣ ወገን አዳኙ ነው። በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሉት ዓሣ፣ በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1997 ትሩቲፎርሚስ ተብሎ የተመዘገበው ዝርያ ስሙን ያገኘው መልኩ ትራውትን ስለሚመስል ነው፤ ስለዚህ የጓደኛችሁ ስጦታ ያለ ቦታው አልመጣም። ካላችሁ ማጥመጃ ውስጥ ትንንሾቹን ምረጡ፤ የእነዚህ ዓሦች ዋነኛ ምግብ ደቃቅ ዓሣ ነው። ጥርሳቸውም ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ እንጂ መንጋጋቸው ላይ ስላልሆነ፣ ክሩን ይበጥሱታል ብላችሁ ሽቦ መጨመር አያስፈልጋችሁም።

ወሩን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውኃው ይደፈርሳል፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ደግሞ ብልጭልጩን የሚያይ ዓሣ አይኖርም። በማለዳ ጀምራችሁ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ብትጨርሱ መልካም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ለጀልባም ለዘንግም አይመችም።

ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም ግን አይሆንም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉን የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች በሣርና በደንገል መካከል፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ትሉም ውኃው የነካውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ጓደኛችሁ የሚለብሰው እስከ ደረት የሚደርስ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከሌላችሁ፣ ከደንጊያማው ዳርቻ ላይ ቆሞ መወርወር ወይም ጀልባ መከራየት ይሻላል። ታንኳውን ለለመዱት ተዉላቸው፤ ዘንግ ለመወርወር ብድግ ያለ እንግዳ መገልበጡ አይቀርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ እዚያም አትቅረቡ።

ስለ ግልገል ዓባይ መግቢያ የተሰጣችሁን ምክር ግን አልቀበለውም። ዓሣ መብዛቱ እውነት ነው፤ የሚበዛው ግን ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ስለሚወጡ፣ ከዚያ በፊትም በመግቢያው ላይ ተሰብስበው ስለሚጠባበቁ ነው። እዚያ የምትይዙት ሁሉ እንቁላል ያዘለ እናት ወይም አብሯት የሚወጣ ወንድ ነው።

ፊን ደሴት፦

ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው፤ አሁን የምኖረው በዴንማርክ፣ የባሕር ትራውት በሚጠመድባት በፊን ደሴት ነው። ጣና ዳር ያሉት ስለ ወንዝ መግቢያ የጻፉት፣ እዚህ በሕግ ከተጻፈው ጋር አንድ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

የባሕር ትራውት በወንዝ ይፈለፈላል፤ ካደገ በኋላ ለምግብ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ሊራባ ሲል ደግሞ ወደ ወንዝ ይመለሳል። በዚህ ጠባዩ ከእናንተ ነጭ ዓሣ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የእናንተው የሚወርደው ወደ ጨዋማ ባሕር ሳይሆን ወደ ሐይቅ መሆኑ ነው። ስለዚህም እዚህ ብዙ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ባሕር በሚገቡበት ዙሪያ እስከ 500 ሜትር ድረስ የተከለለ ቦታ አለ፤ ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ትራውት ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ከኅዳር 16 እስከ ጥር 15 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ለመራባት መልኩን የለወጠ ዓሣ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። አጥማጁም ዓመታዊ የመንግሥት ፈቃድ ይገዛል። ይህን የምለው አገሩን ለማወደስ አይደለም፤ ብርዱን የቀመሰ ሰው አያወድሰውም።

አጣጣሉንም በተመለከተ፣ እዚህ ጓደኛሞች ስንወጣ አንድ ቦታ ላይ አንደረደርም። ተራርቀን እንሰለፍና፣ ወርውረን ክሩን ጠቅልለን ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን እንሄዳለን፤ ዓሣው ካልመጣ እኛ እንፈልገዋለን እንጂ። ጠቅላዩ እጅ አልፎ አልፎ ለቅጽበት ሲያቆም ብረቱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ትራውቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ያኔ ነው። በጣናም ሞክሩት።

መርዓዊ፦

ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ዘንግና ለአንድ ቅዳሜ ይህን ያህል ጥንቃቄ መደርደሩ የበዛ ይመስለኛል። ነጭ ዓሣን የጨረሰው የመዝናኛ አጥማጅ ሳይሆን በየወንዙ መግቢያ የተዘረጋው መረብ ነው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባበት ከ1980ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ወዲህ የመጣውን ለውጥ አዛውንት አጥማጆች ይመሰክራሉ። መረቡ ሳይነካ ለመንጠቆ ሕግ ማውጣት ደካማውን መገሠጽ ነው።

ጣና ዳር፦

ጉዳቱን ያደረሰው መረቡ እንደሆነ እስማማለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ እ.ኤ.አ. የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ይህም መረብ በመራቢያ ጊዜና ቦታ መጣሉ ያመጣው ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ቦታውና ወቅቱ መከበር እንዳለበት ነው። መረብ የሚጥለው ሰው ቢያንስ የዕለት እንጀራውን ያመካኛል፤ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ምን ያመካኛል? ደግሞም ጠያቂው በክረምት ምንም አይቀርባቸውም፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ብረታቸው አይሠራምና።

የዳንግላው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዞውን ወደ ጥር አዛውረነዋል፤ በዘጌ አቅጣጫ ጀልባ ለመከራየት፣ የወንዝ መግቢያውንም ለመተው ተስማምተናል። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከመካከላችን ዓሣ በእጁ ይዞ የሚያውቅ የለም፤ አምባዛ ቢያዝብን እንዴት እናላቅቀው? እዚያው ለመጥበስስ የትኛው ይሻላል?

የጀልባ ሰው፦

አምባዛ ከጎንና ጎን፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ባሉት ክንፎቹ ላይ እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲፈራ ሁለቱንም ገትሮ ይቆልፋቸዋል፤ የሚወጋው ያኔ ነው። ቅርፊት ስለሌለውና ቆዳው ስለሚያሙለጨልጭ መሐል ወገቡን መጨበጥ አያዋጣም። እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት፤ ከዚያም መዳፋችሁን ከሆዱ በኩል አስገብታችሁ፣ አውራ ጣት ከአንዱ እሾህ ኋላ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሌላው እሾህ ኋላ ሆነው ጭንቅላቱ ሥር ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ መንጠቆውንም በፒንሳ አውጡ። ጀልባው ወለል ላይ ለቅቃችሁ አትዘንጉት፤ ከውኃ ውጭም አየር ስለሚተነፍስ ሞቷል ብላችሁ ስትረሱት ተነሥቶ እግራችሁ መካከል ይገባል።

ለጥብስ ቆሮሶን የሚያህል የለም። ነጭ ዓሣ ሥጋው ቢጣፍጥም በሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛው ከልጆች ጋር አይበላም፤ ለዱለት የሚፈጨው ሰው ግን ይወደዋል። ቆሮሶውን ቅርፊቱን ፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ሁለቱንም ጎኑን በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨውና ሎሚ አስገቡበት፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል አትጨምሩት፣ ይጣበቅባችኋል። አዋዜውን ከቤት ይዛችሁ ኑ። ዓሣው ካልተያዘ ደግሞ በማለዳ ከሐይቅ የሚመለሱት አጥማጆች ይሸጡላችኋል፤ በዐቢይ ጾም ግን ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው አይቀመስም፤ ጥርን መምረጣችሁ ለዚህም ይበጃል።