ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ከመግዛት በፊት ዋጋው እንዴት ይገመታል?

ጥያቄ (የገርጂው ገዢ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ገርጂ ውስጥ ከአስፋልት ዳር ያለ፣ ምድሩ አራት ሱቆች፣ በላዩ ያሉት ሦስት ፎቆች መኖሪያ የሆኑ ሕንፃ ከወንድሜ ጋር ለመግዛት እየተደራደርን ነው። ባለቤቱ የጠሩት ዋጋ 60 ሚሊዮን ብር ነው። ከሱቆቹ በወር 276 ሺህ፣ ከመኖሪያዎቹ 124 ሺህ ብር እንደሚገባ የነገሩን ሲሆን፣ ደላላው ግን ኪራዩን ትቶ የአካባቢውን የካሬ ዋጋ በጠቅላላ ስፋቱ እያባዛ ርካሽ መሆኑን ሊያሳምነን ይሞክራል። ተገቢነቱን በምን እንለካ?

ምላሽ (ንብረት ገማች)፦
የምድሩ ካሬና የሦስተኛው ፎቅ ካሬ በአንድ ዋጋ ስለማይሸጡ የደላላውን ስሌት ይተዉት። ሱቆቹንና መኖሪያዎቹን ለየብቻ ይገምቱ። የሱቅ ኪራይ በስምምነት ሲወሰን፣ የመኖሪያው ግን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ፣ ጭማሪውም በየዓመቱ ከሚታወጀው ጣሪያ ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ «ከገዛችሁ በኋላ ኪራዩን ታሳድጉታላችሁ» የሚለው ተስፋ ለላይኞቹ ፎቆች ዋጋ አይጨምርም።

ቀጥሎ 276 ሺሁ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆኑን ይጠይቁ። ካካተተ የሱቆቹ ኪራይ 240 ሺህ ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ኪራይ ከዚህ ታክስ ነፃ በመሆኑ ድምሩ 364 ሺህ ይሆናል። ለባዶ ወራት፣ ለጥበቃና ለጥገና 15 በመቶ ቢቀንሱ (እኔ ከዚህ አሳንሼ አልገምትም) በዓመት የሚተርፈው 3.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከተጠየቀው ዋጋ 6 በመቶ ያህል ነው፤ ያውም የኪራይ ገቢ ግብር ሳይነሳለት። አብዛኛውን ዋጋ በባንክ ብድር የምትሸፍኑት ከሆነ ወለዱን እንኳ አይችልም። ኪራዩ የማይመልሰውን የዋጋውን ክፍል የምትከፍሉት ለቦታው ነው።

ምላሽ (የሕግ ባለሙያ)፦
ለቦታው ከሆነ እንግዲህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ይነበብ። የተጻፈው አገልግሎት ቅይጥ ነው ወይስ መኖሪያ ብቻ? ሱቆቹ ያለ አገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ተከፍተው ከሆነ፣ ከኪራዩ ሁለት ሦስተኛው በማንኛውም ቀን ሊታሸግ ይችላል። ይዞታው ሊዝ ከሆነ የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለውን የሊዝ ዕዳ ከዋጋው ላይ ያስቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ለአዲስ አበባ የተወሰነው ጣሪያ ለንግድ 60፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ነባር ይዞታም (ያለ ሊዝ የተያዘ መሬት) ቢሆን በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ሁለቱ ሱቆች የዓመት ኪራይ አስቀድመው መክፈላቸውን ዛሬ ሰማን። ይህስ?

ምላሽ (ንብረት ገማች)፦
ያላለቁት ወራት ተሰልተው ከዋጋው ይቀነሱ፤ በሽያጭ ውሉም ይጻፍ። ኪራዩ በቅርቡ ጨምሮ ተከራዩም የባለቤቱ ዘመድ ሆኖ ከተገኘ ውሉን ብቻ አይመኑ፤ አጠገቡ ያለው ሕንፃ ላይ የተከራዩትን ጠይቀው ያመሳክሩ። ቆጣሪዎቹ ለየሱቁ መለየታቸውንም ይዩ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚካፈሉ ተከራዮች ጭቅጭቃቸው ለአዲሱ ባለቤት ይተርፋል። ለስም ዝውውር የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም ከአሁኑ ያስቡበት።