180 ሜትር ቦረቦር በአራት ሰው ጉልበት፦ ከየት ይጀመራል?

የፋርጣ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን ማሳ ለሁለት የከፈለ ቦረቦር አለ። ርዝመቱ 180 ሜትር፣ ጥልቀቱ ራሱ (የላይኛው ጫፉ) ጋ 3 ሜትር፣ የወለሉ ስፋትም ወደ 3 ሜትር ነው። ወለሉ በ100 ሜትር 8 ሜትር ይወርዳል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ድንጋይ ከቅርብ ይገኛል። ለሥራው የምንደርስ አራት ሰዎች ነን። ማሽን የለንም፣ ለጋቢዮን (ድንጋይ ለሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሽቦም አቅም የለንም። አፈር እየሞላን ብንደፍነውስ? ካልሆነ የዘንድሮ ሥራችን የቱ ይሁን?

ባለክትር፦
አፈር አትሙሉበት፤ የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። ቦረቦር የሚያድገው ከላይኛው ጫፉ ነው። ውሃው ከአፋፉ ሲወረወር ሥሩን ይፈለፍላል፣ ከዚያ ግድግዳው ይናዳል፣ አፋፉም ወደ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ከበላዩ ያለውን ውሃ ያዙ።

ከራሱ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፦ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 50፣ የተቆፈረው አፈር በታችኛው ጎን ይከመር። ተዳፋቱ በ10 ሜትር ክር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፤ በክር ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። መውጫው ጥቅጥቅ ያለ ሳር ወይም ዐለት ላይ ይሁን። የጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቃችሁት ቦረቦሩ ይዛወራል፣ ጠቡም አብሮ ይመጣል።

ክትሩ፣ ማለትም ወለሉን አግድም የሚዘጋው የድንጋይ ግድብ፣ ከዚያ በኋላ ነው። ርቀቱ እንዲህ ይሰላል፦ የክትሩ ቁመት ሲባዛ በ1.2፣ ሲካፈል ለተዳፋቱ። 1 ሜትር ለሚቆም ክትር 1.2 ÷ 0.08 = 15 ሜትር። 180 ሜትሩ 12 ክትር ይፈልጋል ማለት ነው። የአንዱ ድንጋይ ከነመሠረቱ 8 ሜትር ኪዩብ ያህል ይሆናል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኪዩብ ይሠራል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ለአራት ሰው አንዱ ክትር የ4 ቀን ሥራ ነው። በዓመት አራት አራቱን ብትሠሩ በየበጋው 16 ቀን፣ በሦስት ዓመት ያልቃል። ሲከፋፈል ሥራው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ ላይ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ክትሩን አይፈትነውም።

መሠረቱን 50 ሳንቲ ሜትር አውርዱት፤ ጎንና ጎኑን ደግሞ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው አስገቡት። የሚፈርስ ክትር ሁሉ ማለት ይቻላል ውሃው በጎኑ ዞሮት ነው የሚፈርሰው። መካከሉን ከዳሮቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ውሃው እዚያ ይለፍ። ሥሩ እንዳይፈለፈል ከፊቱ፣ ውሃው በሚወድቅበት በኩል፣ 1.5 ሜትር ያህል ትልልቅ ድንጋይ አንጥፉ። ክብ ድንጋይ አይሁን፣ ይንከባለላል።

ውሃ ልክ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ «ከላይ ወደ ታች» የሚለው ላይ ግን ልጨምር። መጀመሪያ ወለሉን ከመውጫው ተነስታችሁ ሂዱበት። ወለሉ ላይ በቅርቡ የተቆረጠ ደረጃ ካለ ቦረቦሩ ገና ወደ ውስጥ እየጠለቀ ነው። ላይ የምትሠሯቸው ክትሮች ያ ደረጃ ሲደርስባቸው ከሥራቸው ተፈልፍለው ይወድቃሉ። በዚህ ጊዜ አንደኛው ክትር ከደረጃው በታች፣ ዐለት ያለበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱ።

ታች መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ካጋጠማችሁ ደግሞ ድንጋዩ ብቻውን አያዋጣም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ክትሩን በጎን ያልፈዋል። እዚያ አፋፉን ቆርጣችሁ አጋድሙት፤ አንድ ሜትር ወደ ታች፣ አንድ ተኩል ወደ ጎን። በዚያው ክረምት ሳር ይልበስ።

የፋርጣ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታች እውነትም ጥቁር ነው፣ የመጨረሻው 40 ሜትር ገደማ። ሳሩ የቱ ይሻላል? መቼስ ይተከላል?

እናት መሬት፦
ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሳያቋርጥ መጣል ሲጀምር፣ በሐምሌ መጀመሪያ። ቬቲቨር ሁለት ሦስት ቡቃያ አንድ ላይ እያደረጋችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከክትሩ ጀርባና በአፋፉ ላይ በመስመር ትከሉ። ደለል የያዘው ወለል ላይ ዝሆኔ ሳር፦ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ፣ ርቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር። በጎኑ ሰስባንያ (ለመኖ የሚሆን ዛፍ)።

ይህ ሁሉ ግን ከብት ከገባ ከንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አጭዶ ማብላት ብቻ። ልቅ ግጦሽ እንዲቀር ከጎረቤት ጋር ሳትስማሙ ችግኝ አታባክኑ።

ባለክትር፦
አንድ የረሳሁት፦ በየክትሩ አጠገብ ትርፍ ድንጋይ ከምራችሁ አስቀምጡ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግሥት ዙሩ፤ የወለቀው አንድ ድንጋይ ያን ቀን ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጎርፍ ክትሩ ይከፈታል። ደለል ጢም ያለ ክትር ላይ በቀጣዩ በጋ 50 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት፤ ጎኑንም በዚያው ልክ ወደ ግድግዳው ማስገባት እንዳትረሱ።