ድፎ ዳቦዬ መሃሉ እየሰረጎደ አስቸገረኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ከሥራ መልስ ሊጥ ማቡካት ለእኔ እረፍት ነው። እጄ ሊጥ ውስጥ ሲገባ የቀኑ ጭቅጭቅ ይረሳኛል፤ ዳቦው መሽተት ሲጀምር ደግሞ ብቻዬን የምኖርበት ቤት ሰው የሞላበት ይመስለኛል።

ችግሩ የመጣው ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ ወዲህ ነው። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ኦቨን ውስጥም ያብጣል፣ ከዚያ መሃሉ ስርጉድ! ስቆርሰው ዳር ዳሩ በስሏል፣ ልቡ ግን ገና ሊጥ ነው።

የማደርገው ይኸው፦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል። 2 ሰዓት አቆየውና በኮባ ጠቅልዬ በ180 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ እጋግረዋለሁ። ድሬዳዋ እያለሁ በዚሁ አሠራር አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

የጠረጠርኩት ከፍታውን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ከልኩ በላይ ይነፋል ይባላል። አንድ ቀን እርሾውን በግማሽ ቀነስኩ፤ ግን መሃል ላይ መብራት ጠፋና ምኑንም ሳላውቀው ቀረሁ። እናቴ ስደውልላት «እሳቱን ጨምሪበት» ትለኛለች፤ እሷ የለመደችው ከላይም ከታችም እሳት ያለበትን ምጣድ ነው።

እዚህ ከተማ የምትጋግሩ፣ እርሾውን ስንት ታደርጋላችሁ? ሊጡንስ ስንት ሰዓት ታቆያላችሁ? ወይስ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው? እሑድ እንግዳ አለብኝ።