ጀጎልን (በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ) በግል አስጎብኚ ለማየት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከድሬዳዋ እናቴን ይዤ ሐረር እወጣለሁ። ጉልበቷን ያማታል። ለእኛ ብቻ የሚሆን አስጎብኚ እንዴት ልምረጥ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ የአስጎብኚነት መታወቂያውን ይጠይቁ። የሙዚየም መግቢያ፣ ባጃጅና የጅብ ማብላት ትርኢቱ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን ሳይነሱ ይነጋገሩ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ለእናትዎ ዋናው ነገር መንገዱ ነው። የጀጎል ጠባብ መንገዶች ድንጋይ ንጣፍና ቁልቁለት ስላላቸው ጉልበት ይጎዳሉ። እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ ይግቡ፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግርና የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ከዚያ ቅርብ ናቸው። አምስቱንም ጥንታዊ የግንቡን በሮች በእግር አዞራለሁ የሚል አስጎብኚ ለእርስዎ አይሆንም።

መልስ 3፦ ጅብ የሚመገበው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ቢጀምሩ ይሻላል፤ ጠዋት ከጀመሩ እናትዎ እስከ ማታ ይደክማሉ። የሐረሪ ቤት ለማየት አስጎብኚው ባለቤቶቹን ቀድሞ ያስፈቅድ። ጫማ ይወልቃል፤ መደቡ ላይም የት እንደሚቀመጡ ይጠይቁ፣ ቦታው በማዕረግ የተለየ ነው።